ያልተጠየቀው ስም

ሐሙስ ማለዳ፣ ሻኪሶ

ከሻኪሶ የተነሳሁት ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ መርዶ ይዤ። ባለቤቴ ቦሩ ወባ ይዞት በአራተኛው ቀን አረፈ፤ ከቀበርነው ዛሬ አስራ ሁለተኛ ቀኑ ነው። እናቱ አዮ ሎኮ፣ «አዮ» እናት ማለት ነው፣ ሊበን ገጠር፣ ስልክ በማይሰራበት ቦታ ስለሚኖሩ ገና አልሰሙም። የዕድራችን ሽማግሌዎች እንሂድልሽ ብለውኝ ነበር። አንድ ልጃቸው ነውና ከእኔ አፍ ይስሙት ብዬ እምቢ አልኩ። ወሬው ቀድሞኝ እንዳይደርስም ጥቁር ልብሴን ፌስታል ውስጥ ከትቼ የዘወትር ቀሚሴን ለበስኩ።

አዶላ ላይ አውቶቡሱ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ሻይ በፓስቲ አዘዝኩ፤ ፓስቲው አልዋጥልሽ አለኝ፣ ሻዩ ደግሞ ዋጋው እጥፍ ሆኗል። አጠገቤ የተቀመጠች ቅቤ ነጋዴ ዞር ብላ «አካም ጅርታ? ናጋ?» ስትል በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠየቀችኝ።

«ናጋ» አልኳት።

ምን ልበል? እዚህ አገር ሰው ሰላም ነህ ሲባል፣ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ «ናጋ»፣ ሰላም ነው፣ ይላል። ክፉው ወሬ ከዚያ ወዲያ ነው። የነገሌ ካምፕ ልጅ ነኝ፤ ወታደሩ አባቴ ከጎጃም ነው የመጣው። ልማዱን ከልጅነቴ ባውቀውም ዛሬ ግን አንገሸገሸኝ። ከቀብሩ ወዲህ «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለትም ትቻለሁ። እንዴት ነሽ ሲሉኝ «አለሁ» እላለሁ፣ አበቃ። ልጸልይ እንበረከክና አንድ ቃል አይወጣኝም። እግዜር ትቶኛል ብዬ ደምድሜያለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ነገሌ

የዋደራ ጫካ ሲያልቅ ግራር፣ ኩይሳና ቀይ አፈር ብቻ ነው። ዝናብ ከቀረ ሰንብቷል፤ ከብቶቹ የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነገሌ ገባን። ሩዝ በፍየል ሥጋ አዝዤ ግማሹን ተውኩት። ያደርኩት መናኸሪያው አጠገብ፣ ከቦሩ ጋር ስንመጣ በምናድርበት አልጋ ቤት ነው።

«ዛሬ ብቻሽን ነሽ?» አለችኝ አስተናጋጇ።

«ብቻዬን» ብዬ ቁልፉን ተቀበልኳት።

ዓርብ፣ ሊበን

ስኳር በጫነ አይሱዙ ጀርባ ላይ ተሳፍሬ፣ አቧራ ስቅም ቆይቼ ወረድኩ፤ ከዚያ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ አለ። በመንገዱ ሁሉ የምናገረውን እያጠናሁ ነበር። «ቦሩስ?» ሲሉኝ እንዲህ እላለሁ፣ ከዚያ እጃቸውን እይዛለሁ።

አዮ ሎኮ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ ናጋ?»

«ናጋ፣ አዮ።»

«ቤት ናጋ?»

«ናጋ።»

«ጎረቤት ናጋ? የጎረቤት ልጆች ናጋ?»

«ናጋ፣ ናጋ።»

አምና የሰጡኝን ዶሮ ሳይቀር ጠየቁ። ቤተ ክርስቲያኑን፣ ገበያውን፣ ዝናቡን ጠየቁ። ውኃ ሰጡኝ። ጠጣሁ። አሁን ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልጠየቁም።

«አዮ» አልኩ በመጨረሻ፣ «ቦሩን እኮ አልጠየቁኝም።»

«ቦሩ ቢኖር ካንቺ ፊት ነው የሚገባ» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ። «ከሩቅ አየሁሽ፣ ብቻሽን። ሁሉን ጠየቅኩ፣ እሱን ተውኩ። ናጋ ብለሽ እንዳትዋሺ።»

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ። ተቃቅፈን አለቀስን፤ ጎረቤቱም ሰምቶ መጣ።

እንባችን ጋብ ሲል ግን ንዴቴ አልበረደም። «የቀረውንስ ዋሽቼዎት የለ?» አልኳቸው። «ምኑ ነው ናጋ? ቤቴ ፈርሷል።»

«አልዋሸሽም። ናጋ የዋቃ ነው፣ የእግዜር። የኛ መች ሆነ?» ጉንጬን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ቦሩ ሄደ፤ እግዜር ግን ከቤትሽ አልወጣም። ናጋ ስትይ ይሄን ነው ያልሽው።»

የሚጽናኑት እሳቸው፣ የሚያጽናኑትም እሳቸው። አፈርኩ። ጥቁሬን አውጥቼ ለበስኩ።

ማክሰኞ፣ ሻኪሶ

ሦስት ቀን አብሬያቸው ተቀምጬ ትናንት ተነሳሁ፤ ነገሌ አድሬ ማምሻውን ቤቴ ገባሁ። ወገቤ ተቆርጧል፣ እግሬ አብጧል። የሄድኩት የማጽናናው እኔ ነኝ ብዬ ነበር፤ ተጽናንቼ ተመለስኩ። ሐዘኑ እንዳለ ነው። ብቻዬን ነኝ ማለቴ ግን ስህተት ነበር።

ጎረቤቴ ጫማዬን ሳላወልቅ መጣች።

«እንዴት ነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት። ደንግጣ አየችኝ።

ከዚያ አጠገቤ አስቀምጫት፣ የቦሩ እናት ስሙን ለምን እንዳልጠየቁኝ ነገርኳት።