የስኬትቦርዱ ምርመራ

ጁባ፣ ቡሉክ ሰፈር ስልክ ጥገና የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ጋሽ ሙሉጌታ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ወረንጦና አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ማስጠንቀቂያው "የደንበኛ ፎቶ አይከፈትም" የሚል ነበር። በፈረንጆቹ 2017 መጀመሪያ ላይ ነው። በሱቁ ውስጥ ከሁለታችን ሌላ ሠራተኛ አልነበረም። ቢሆንም እሳቸው ዋና ቴክኒሻን፣ እኔ ረዳት ቴክኒሻን እንባል ነበር።

ጋሽ ሙሉጌታ አዲስ አበባ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። እጃቸው ንጹሕ ነው። ሞባይልን ግን ትንሽ ይንቁታል። ስክሪን ቀይረው ሲጨርሱ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉትን ቁጥሮች ይነካሉ፣ ወደ ራሳቸው ስልክ ይደውላሉ፣ "ሃሎ ሃሎ" ይላሉ፣ ከዚያ "ካላስ"፣ ማለትም አለቀ፣ ብለው ለደንበኛው ያስረክባሉ። ምርመራው ይኸው ነበር።

የኔ ምርመራ ሌላ ነው። የስኬትቦርድ ጨዋታ እጭናለሁ። ባለ አራት ጎማ ሰሌዳ ስክሪኑ ላይ ትመጣለች፤ ሁለቱ አውራ ጣቶች ሁለት እግር ይሆናሉ። የኋላው ጣት ወደ ታች ሲጫን፣ የፊተኛው ወደ ላይ ሲፈናጠር ሰሌዳዋ ትዘላለች። ተቹ፣ ማለትም የጣት ንክኪ የሚቀበለው የስክሪኑ ክፍል፣ አንድ ቦታ ላይ ከደከመ ሰሌዳዋ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ትወድቃለች። ቁጥር መንካት ይህን አያሳይም። ስጨርስ ጨዋታውን አጠፋለሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ሁልጊዜ ምርመራ ብቻ አልነበረም። ስክሪኑ ደህና መሆኑ በሁለት ደቂቃ ይታወቃል። እኔ ደግሞ ሰሌዳዋን ከደረጃ ላይ አስዘልዬ በጎማዋ እስካሳርፋት እቆያለሁ።

አንድ ቀን ጋሽ ሙሉጌታ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

"ሰናይት፣ ምን እየሠራሽ ነው?"

"ተቹን እየሞከርኩ ነው፣ ጋሽ።"

"እኔ የማየው ልጅ ከደረጃ ላይ ሲወድቅ ነው።"

"ልጅ የለም፤ ሰሌዳ ብቻ ናት።"

"ይባስ ብሎ" አሉና ከዚያን ቀን ጀምሮ በደንበኛ ስልክ ላይ ጨዋታ መጫን ከለከሉ።

ከክልከላው በኋላ ኦባንግ መጣ። ኦባንግ ጋምቤላ ያደገ፣ አማርኛው ከኔ የማይተናነስ፣ የአንድ የእርዳታ ድርጅት ሾፌር ነው። ስክሪኑን ጋሽ ሙሉጌታ ራሳቸው ቀየሩለት፣ ቁጥሮቹን ነኩ፣ ካላስ። በሳምንቱ ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ።

"ስልኬ በራሱ ደወለ" አለ።

"ለማን?" አልኩት።

"ለአለቃዬ። ለማዳም።"

"ታዲያ ምን ችግር አለው?"

ጣሪያውን አየ። "መኪና ውስጥ ለባልደረባዬ ማዳምን እያስመሰልኩ ነበር። 'ሎግ ቡክ፣ ፕሊዝ' እያለች የጉዞ መዝገቡን ስትጠይቅ። አካሄዷንም ጨምሬ እያወራሁ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችው።"

ማዳም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፋለታለች። አውቆ እንደደወለባት ነው ያመነችው። ስልኩ በራሱ መደወሉን ካላረጋገጠ ኮንትራቱ አይታደስም። ጁባ ውስጥ በዚያን ጊዜ የእርዳታ ድርጅት ሾፌርነት በቀላሉ የሚገኝ ሥራ አልነበረም፤ ኦባንግ ደግሞ እናቱንና ሁለት እህቶቹን ያስተዳድራል።

ጋሽ ሙሉጌታ ስልኩን ተቀብለው ከአንድ እስከ ዘጠኝ ነኩ። "ስልኩ ጤነኛ ነው። ኪስህ ውስጥ ተነክቶ ይሆናል" አሉት።

"ኪሴ ውስጥ አልነበረም ጋሽ። መኪናው ላይ መያዣው ውስጥ ነበር።"

"ስልክ በራሱ አይደውልም።"

"ማዳምም ያለችኝ ይህንኑ ነው" አለ ኦባንግ።

በማግስቱ ማዳምን ይዟት መጣ። አጠር ያለች፣ ቀጥ ብላ የምትቆም ኬንያዊት ናት። ወንበር ብናቀርብላትም አልተቀመጠችም። እኔ ጋሽ ሙሉጌታን ወደ ጥግ ወስጄ ጨዋታውን እንድጭን ጠየቅኳቸው።

"በደንበኛ ፊት?"

"ጣት ሳይነካት ሰሌዳዋ ከተንቀሳቀሰች ተቹ በራሱ እየነካ ነው ማለት ነው። በዓይን የሚታይ ማስረጃ ይሆናል።"

ኦባንግ ሰምቶን ኖሮ "ጋሽ፣ እባክዎ" አላቸው። እሺ አሉ።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አራታችን ከበን ቆምን። ሰሌዳዋ ንቅንቅ አላለችም። ጄኔሬተሩ ይጮኻል፤ እኛ ሰሌዳዋን እናያለን። ማዳም ሰዓቷን አየች። "በጣም ሥነ ሥርዓት ያላት ሰሌዳ ናት" አለች በእንግሊዝኛ። ኦባንግን ላብ አጠመቀው። እኔም ጆሮዬ ጋለ።

ያን ጊዜ ነው መያዣው ትዝ ያለኝ። "መኪና ውስጥ ስልኩ ቻርጀር ላይ ነበር?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ሁልጊዜ ቻርጀር ላይ ነው።"

ወደ መኪናው ወጣን። ፀሐይ ላይ የቆመ ላንድክሩዘር ነው፤ ውስጡ ይጋግራል። ማዳም ከፊት፣ እኔና ጋሽ ሙሉጌታ ከኋላ ተጨናንቀን ገባን። ኦባንግ ሞተሩን አስነስቶ ስልኩን መያዣው ላይ አድርጎ ቻርጀሩን ሰካና ሁለት እጁን መሪው ላይ አደረገ። ጥቂት ደቂቃ ቆየን። ከዚያ ሰሌዳዋ ተንቀጠቀጠች። ዘለለች፣ ተገለበጠች፣ ወደቀች። እንደገና ዘለለች።

"ማነው የሚጫወተው?" አለች ማዳም።

"ማንም" አልኩ።

ጋሽ ሙሉጌታ ስልኩን ነቅለው ወደ ሱቁ ይዘውት ገቡ። ከፈቱት። የስክሪኑ ፍላት፣ ማለትም ቀጭኑ ማገናኛ ገመድ፣ በናስትሮ መሸፈን ሲገባው ባዶውን ብረቱ ላይ ተኝቷል፤ ስልኩ ሲግልና ቻርጀር ሲሰካበት ተቹን የሚያሳብደው ይህ ነው። በኔ ማሳበብ ይችሉ ነበር፤ ማን የቀየረው እንደሆነ ማዳም አታውቅም። ወደ እሷ ዞረው በተሰባበረ እንግሊዝኛ "ስህተቱ የኔ ነው፤ ናስትሮውን የረሳሁት እኔ ነኝ" አሏት።

ማዳም ራሷን ነቀነቀችና ኦባንግን አየችው። "ስልኩ በራሱ እንደደወለ አምኛለሁ። ድምፁስ የማን ነበር?"

"የኔ ነው፣ ማዳም። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

"ይቅር ብያለሁ። ደብዳቤው ተሰርዟል" አለች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ "ሎግ ቡክ፣ ፕሊዝ" አለችው። ኦባንግ ያስመሰለው ልክ ነበር። እኔና ጋሽ መኪናው ከዓይናችን እስኪርቅ ሳቃችንን ያዝን።

ክልከላው ተነሣ። ጋሽ ሙሉጌታም ጨዋታውን እንዳስተምራቸው ጠየቁኝ። አውራ ጣታቸው ወፍራም ስለሆነ ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ ይረግጡታል። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው ሲታገሉ ያዝኳቸው።

"ጋሽ፣ ተቹ እኮ ይሠራል" አልኳቸው።

"ገና አላረጋገጥኩም" አሉኝ።

በ2018 ከጁባ ወጣሁ፤ ከሥራው ግን አልወጣሁም። ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፤ የተጠገነ ስልክ የሚሞከረው ባለቤቱ በሚጠቀምበት ሁኔታ ነው። ጠረጴዛ ላይ ጤነኛ የሆነ ስልክ ፀሐይ ላይ፣ ቻርጀር ተሰክቶበት፣ ጤነኛ ላይሆን ይችላል። የተሳሳታችሁ እንደሆነም ደንበኛው ፊት ተናገሩ፤ ሌላ ሰው እንጀራውን ሊያጣ ይችላልና።