ጋሽ ዳቦ ፒዛ ሊቀምሱ የሄዱ ዕለት

ሠላሳ አንድ ዓመት ዳቦ ጋግረዋልና ሰፈሩ ስማቸውን ትቶ ጋሽ ዳቦ ይላቸዋል። ትከሻቸው አልታዘዝ ሲላቸው ምድጃውን ለሴት ልጃቸው አስረከቡ። ልጅቷ ሳምንት ሳይሞላት ዳቦውን ትታ ፒዛ ቤት ከፈተች፤ ያውም ሳታማክራቸው። ጋሽ ዳቦ ነገሩን በሆዳቸው ይዘው በዚያ መንገድ ማለፍ ተዉ። ጋዜጣ ለመግዛት እንኳ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ሆነ።

ሦስት ወር አለፈ። ገበያው ግን እምቢ አላት። የመጣው ሰው ግማሹን ትቶ ይወጣል፤ ተመልሶም አይመጣም። ምን ጎደለው ብላ ብትጠይቅ ሁሉም ይጣፍጣል ይላታል፤ ይሉኝታ ደግሞ ሱቅ አያቆምም። በመጨረሻ በእናቷ በኩል ላከችባቸው፦ አባዬ አንዴ መጥቶ ይቅመስልኝ፤ እሱም መላ ካጣለት ቅዳሜ ቁልፉን ለቤቱ ባለቤት እመልሳለሁ አለች።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለ? ጋሽ ዳቦም ፊታቸውን አጥቁረው ሊቀምሱ ገቡ። የዱቄት ጆንያ ይደረደርበት የነበረው ቦታ ላይ አራት ጠረጴዛ ተቀምጧል። ወንበሩ ጠበባቸው። የምግብ ዝርዝሩ ፊደል ደቃቃ ነው፤ መነጽራቸውን ደግሞ ቤት ረስተዋል። የጎረቤት ሱቅ ፀጉር አስተካካይ አጠገባቸው ተቀምጦ ምሳውን እየበላ፣ ዳቦን ፈትተው ሌላ ሊያገቡ ነው እንዴ ብሎ ቀለደባቸው። አልሳቁም።

ፒዛው መጣ። ልጅቷ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ምድጃው አጠገብ ቆማ ታያቸዋለች። እንግዲህ ዳቦ ጋጋሪ መብሰሉን የሚያውቀው ገልብጦ ታቹን በጣቱ ሲያንኳኳው ነው። የጋሽ ዳቦም እጅ ባለቤቱን ሳያማክር እንደለመደው ፒዛውን አነሳ፣ ገለበጠ፣ አንኳኳ። ቺዙና ቲማቲሙ ተያይዞ ሱሪያቸው ላይ ዘጭ አለ።

ፀጉር አስተካካዩ ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ያዘ። ልጅቷ ፎጣ ይዛ ሮጠች። ጋሽ ዳቦ እፍረትና ንዴት ተደራርቦባቸው፣ "ታቹ ገና ሊጥ ነው" አሉ። "በግራ በኩል ነው አይደል የጋገርሽው? እዚያ ጋ የምድጃው ወለል ተሰንጥቋል፣ ሙቀት አይዝም።"

ልጅቷ መጥረጓን አቆመች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምትጋግረው በግራ በኩል ነው።

"መቼ ነው የተሰነጠቀው?"

"ኧረ ቆየ። አራት ዓመት ይሆነዋል።"

"ቁልፉን ስትሰጠኝ ታውቅ ነበር ማለት ነው።"

ያውቁ ነበር። እንዲያውም ሊያሳዩዋት አስበው ነበር፤ የፒዛውን ወሬ ሲሰሙ ግን ቃሉን መልሰው ዋጡት። አሁን ምን ይበሉ?

"እስክትጠይቂኝ ስጠብቅ ነው" አሉ። ከአፋቸው ሲወጣ ለራሳቸውም አስጠላቸው።

ልጅቷ አልተቆጣችም፤ ቢሆንላቸው ብትቆጣቸውና ቢያርፉ ይመርጡ ነበር። የቆሸሸውን ፎጣ በእጇ እንደያዘች ቀስ ብላ ተነሳች።

"አባዬ፣ እኔ እኮ ሦስት ወር ሙሉ የማይረባው የእኔ እጅ ነው እያልኩ ነው የከረምኩት።"