ለኮሶዬ ብርድ የተሰፋ ድሪቶ

ጨርቅ ሲቀደድ ስሰማ ዛሬም የያዝኩትን ትቼ ቀና እላለሁ። እናቴ እራፊ በመቀስ አትቆርጥም ነበር፤ ጠርዙን በጥርሷ ነክሳ ትንሽ ትከፍትና በሁለት እጇ ይዛ ትስበዋለች፣ ጨርቁም ክሩን ተከትሎ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ይቀደዳል። በመቀስ የተቆረጠ ይዛባል፣ የተቀደደ ግን ከሌላው ጋር ይገጥማል ትለን ነበር። ያ ድምፅ ጎንደር፣ ከአራዳ ገበያ ጀርባ ወደነበረው ባለ አንድ መስኮት ቤታችን ይመልሰኛል፣ እናቴም እግሯን ዘርግታ፣ መርፌዋን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ሰክታ፣ ጭኗ ላይ ጨርቅ ከምራ ትታየኛለች።

አባቴ በደብራችን የሚቀድሱ ካህን ነበሩ፣ እናቴ ደግሞ ከቤት ሥራ በተረፋት ሰዓት ድሪቶ ትሰፋ ነበር። እራፊ ከእራፊ አጋጥማ ፊቱን ትሠራለች፣ ያረጀ ጋቢ መሃል ታስገባለች፣ ከሥር አቡጀዲ ታለብሰዋለች፣ ከዚያም ሦስቱን አንድ ላይ ትወሰውሳቸዋለች። ለጎረቤት አራስ ሰፍታለች፣ ለታመመም ሰፍታለች። እኔ አሥር ዓመት በሞላኝ ጊዜ ግን ለራሳችን ሰው መስፋት ጀመረች። ታላቅ እህቴ ውቢት የመምህርነት ትምህርቷን ልትጨርስ ተቃርባ፣ በሚመጣው መስከረም ኮሶዬ እንደምትመደብ ተነግሯት ነበር። ውቢት በልጅነቷ የሳንባ ምች ይዟት ከሞት የተረፈች ናት፣ ብርድ ሲነካት ሳሏ አይቆምም ነበር። የኮሶዬን ብርድ ደግሞ በደባርቅ መንገድ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። እናቴ ፍርሃቷን ለማንም አልተናገረችም። እራፊ መሰብሰብ ጀመረች።

በጋውን ሙሉ እራፊ አምጪዋ እኔ ነበርኩ። ከቤታችን ዝቅ ብሎ፣ በረንዳ ላይ በማኪና የሚሰፉ አያ ታፈረ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ፣ ድቁና ስለነበራቸውም የካህናት ልብስና የመቅደስ መጋረጃ ያድሱ ነበር። ከእግራቸው ሥር ሁለት ከረጢት ይቀመጣል። በአንደኛው የሸሚዝ፣ የቀሚስና የተማሪ ልብስ ቁርጥራጭ ይገባል፣ ከእሱ እንዳሻኝ እመርጥ ነበር። ሁለተኛው አፉ የታሰረ ነው፣ ከመቅደስ ዕቃ የተረፈው ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል፣ ወደ ደብሩ ዕቃ ቤት ይመለሳል እንጂ ወደ ሰው ቤት አይገባም። የካህን ልጅ ነኝና ይህን ከፊደል በፊት አውቀው ነበር። አያ ታፈረ ስመጣ ሲያዩኝ «አይጢቱ መጣች፣ እግራችሁን ሰብስቡ» እያሉ ደንበኞቻቸውን ያስቁብኝ ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲገባ እናቴ መርፌ አስያዘችኝ። ረጅም ክር ይተበተባል ብላ ክሬን በክንዴ ለክቼ እንድበጥስ አስለመደችኝ። አንድ ክር እስኪያልቅ ቀስ ብለን አንድ አቡነ ዘበሰማያት እንደግማለን፣ ጸሎቱን ያጣደፍኩ እንደሆነ ስፌቴም ይንሻፈፋል። ወፍራሙን ጨርቅ ወደ እግር፣ ለስላሳውን ወደ አንገት ታደርጋለች፣ ደማቁን ከደማቅ ጎን አታስቀምጥም። አንዱን መስመር ስጨርስ የአውራ ጣቷን ጥፍር በስፌቱ ላይ ታስኬዳለች፣ ጥፍሯ ከተያዘ ትፈታዋለች፣ እኔም እንደገና እጀምራለሁ። በዚያ ጾም ከሰፋሁት የፈታሁት ይበልጣል።

ክረምት ገባ። ውቢት ትምህርቷን ጨርሳ ቤት መጣች። አንድ ቀን እትዬ ብርቄ የምትባል ጎረቤታችን ዝናብ አባሯት ገብታ ድሪቶውን ገለበጠችና «ምነው እቴ፣ አስተማሪ ሆና ድሪቶ ልታለብሻት ነው?» አለች። እናቴ ክሯን በጥርሷ በጥሳ «ተኝታ ማን ያያታል» አለቻት። ውቢት ሳቀች፣ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉም እንቢ ብሎ አልቆም አለ። እናቴ መርፌዋን አየር ላይ እንደያዘች ሳሉ እስኪያልቅ ጠበቀች። ፊቷን ያየሁት ያኔ ነው፣ ከዚያ በፊት እናት ትፈራለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። በዚያው ሳምንት ውቢትን መስከረም እስኪጠባ ሙቀት ታግኝ ብላ ቆላ ሳንጃ፣ አክስታችን ዘንድ ሰደደቻት።

ውቢት በሄደች በማግሥቱ አያ ታፈረ ዘንድ ስደርስ የሁለተኛው ከረጢት አፍ ተፈቷል፣ እሳቸውም ጀርባቸውን ሰጥተው ሰው ይለካሉ። መዳፍ የምታህል ቀይ ከፋይ፣ ጠርዟ ላይ የወርቅ ክር ያለባት፣ ከላይ ተቀምጣለች። አንስቼ ቀሚሴ ውስጥ ከተትኳት። ለጌጥ አልነበረም፤ መቅደስ ውስጥ የኖረች ጨርቅ የእህቴን ደረት ከብርድ ትጠብቃለች ብዬ ነው። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠብቄ፣ ከጋቢውና ከአቡጀዲው መሃል፣ ደረት በሚያርፍበት በኩል አስገብቼ ሰፋሁባት። እናቴ ከላይ ወሰወሰችበት፣ አላወቀችም።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። በፍልሰታ እኛ ልጆች እየጾምን በየቀኑ እንቆርብ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የልጆቹ ሰልፍ ሲንቀሳቀስ ከፋይዋ ትዝ ብላኝ ከሰልፉ ወጣሁ፣ ውኃ ጠጥቻለሁ ብዬ እናቴን ዋሸኋት፣ ውኃ የጠጣ አይቆርብምና። በማግሥቱም ጠጣሁ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ከቅዳሴ ስንመለስ እናቴ መንገድ ላይ ቆመች።

«ምነው ልጄ፣ እንስራውን ልትጨርሽው ነው?» አለችኝ። ቀና ብዬ ላያት ስላልቻልኩ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ምን ይዘሻል?» አለች።

ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም፣ አልመታችኝም። ቤት ገብተን ድሪቶውን መደቡ ላይ ዘረጋችና የት እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ በጣቴ አሳየኋት። አጠገቧ አስቀምጣኝ በመርፌ ጫፍ ስፌቱን አንድ በአንድ ትፈታ ጀመር፤ የእኔ ብቻ ሳይሆን የእሷም ያማረ ስፌት አብሮ ተፈታ። ከፋይዋ ስትወጣ በእጇ አልነካቻትም። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ብቻዬን ለባለቤቱ እንድመልስ አዘዘችኝ።

አያ ታፈረ ሲሰሙኝ ማኪናውን አቆሙ። ጨርቋን ተቀብለው ወደ ከረጢቱ መልሰው አፉን ሁለት ጊዜ ቋጠሩት፣ ከዚያ ለምን እንደወሰድኳት ጠየቁኝ። ስለ ውቢት ሳል ስነግራቸው ከአንደኛው ከረጢት ከሕፃን ልብስ የተረፈ ለስላሳ ጨርቅ መርጠው ሰጡኝ። «ይኸ ሸጋ ነው፣ ይሞቃል። ለአባትሽ ግን አንችው ንገሪ፣ እኔ አልነግርልሽም» አሉኝ። ለአባቴ ነገርኩ። አሥራ ሁለት ስግደት አዘዙኝና እሳቸውም ከጎኔ ቆመው አብረውኝ ሰገዱ።

እናቴ የተፈታውን ቦታ ሳትነካው ጠበቀችኝ። «ፈርተሽላት ከሆነ ጸልዪላት» አለችና መርፌውን ሰጠችኝ። ክሬን በክንዴ እየለካሁ፣ በየክሩ ለውቢት ደረት አንድ አቡነ ዘበሰማያት እየደገምኩ፣ እንባዬ ዓይኔን እየጋረደኝ ያን ለስላሳ ጨርቅ አስገብቼ ዘጋሁት። ስፌቱ እንደ ጉንዳን መንገድ ተጣመመ። እናቴ ጥፍሯን አስኬደችበት። ተያዘ። አልፈታችውም። ፍልሰታ ሳይፈታ እኔም ቆረብኩ።

መስከረም ሲጠባ ውቢት ከሳንጃ ተመልሳ፣ ድሪቶው በገመድ ታስሮ አውቶቡስ ላይ ተጭኖላት ኮሶዬ ሄደች። ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ከተማ ስትዛወር አንድ ጊዜም ሳንባዋን ታማ ሳትተኛ ተመለሰች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ድሪቶውን ዘርግታ «ይህች ጠማማዋ ያንች ናት አይደል? በደረቴ በኩል እያደረግኋት ነበር የምተኛው» አለችኝ። አዎ አልኳት። የከፋይዋን ነገር እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

እናቴ ካረፈች ቆየች። ዘንድሮ ልጄ ነርስ ሆና ደባርቅ ተመደበች። አራዳ ሱቁ ሁሉ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ሞልቶታል፣ ይሞቃል፣ ክፉ ነው አልልም፤ እኔ ግን ድሪቶ ሰፋሁላት። እናቴ ወራት የሚፈጅባትን ማኪናዬ በአንድ ከሰዓት ትጨርሰዋለች፣ ስፌቷም ጥፍር አይዝም፣ ለዚህም ተመስገን እላለሁ። ለጸሎት ግን ትፈጥንብኛለች። ስለዚህ ደረት የሚያርፍበትን ቦታ ለእጄ አስቀረሁ። ክሬን በክንዴ ለካሁ፣ ቀስ ብዬ ደገምኩ፣ ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለምና ስፌቱ ተጣመመ። ስጨርስ ጥፍሬን አስኬድኩበት። ተያዘ። አልፈታሁትም።