ታጥበህ ግባ

የታሰርኩት በቀለም ነው። ጋዜጣው ላይ የወጣውን ካርቱን የሳለው ሌላ ሰው ነበር፤ እኔ የቀባሁት ብቻ ነው። ይህንኑ ለያዙኝ ሰዎች ባስረዳቸው አንደኛው፣ ሰው ዓይን ውስጥ የገባውማ ቀለሙ ነው አለኝ። ፒክአፕ ውስጥ አንገቴን አስደፍተው ሲወስዱኝ የሳሪስ አቦን ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ ሰማሁ። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ፣ የቆዳ ፋብሪካ ሽታም ተከተለ። አቃቂ መቃረባችንን በአፍንጫዬ አወቅሁ።

ያስገቡኝ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ነበር። መስኮቱ በላሜራ ተበይዷል። ግድግዳውም፣ ፍራሹም፣ የሰዉም ፊት አንድ ዓይነት አመድማ መልክ ነበረው። ጡረታ የወጡ አንድ የባቡር ሠራተኛ ፍራሻቸውን ሳብ አድርገው ቦታ ሰጡኝ። ጋሼ እላቸው ነበር። ምሳ ሲደርስ ከየቤቱ የመጣው ስንቅ ሁሉ አንድ ትሪ ላይ ይገለበጥና ተሰብስበን እንበላለን። ብቻውን የሚበላ ሰው አልነበረም።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የእስር ቤቱ ኃላፊ ቢሮው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ በጥቁር መስመር የታተሙ ትልልቅ ስዕሎች፣ ባለቀለም እርሳሶችና አንድ ሳጥን ማርከር ተቀምጠዋል። ጎብኚዎች ስለሚመጡ ለክሊኒኩ ግድግዳ የጤና ትምህርት ስዕል ተፈልጎ ነበር። የመጀመሪያው ስዕል መስኮት ከፍታ ክፍሏን የምታናፍስ ሴት ናት። እምቢ ማለት ትዝም አላለኝ። ቢጫውን እርሳስ ያነሳሁት በደስታ ነው። መጋረጃውን ቢጫ ቀባሁት፣ እጥፋቱን በብርቱካንማ ደራረብኩት፣ ወረቀቱ ወዝ እስኪያወጣ ድረስ አሸሁት። ሻይ ሁሉ አመጡልኝ። ስጨርስ ኃላፊው በሩ ላይ ያለውን ጀሪካንና ሳሙና አሳየኝ።

"እጅህን ታጥበህ ግባ" አለኝ።

ንጽሕና የሚወድ ሰው መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቶሎ ቶሎ መጠራት ጀመርኩ። እስረኞቹ የት ነበርክ ሲሉኝ፣ ስዕል እየቀባሁ እላለሁ፤ እነሱም ጣቶቼን ያያሉ። ጣቶቼ ከሁሉም ሰው ጣት ይነጻሉ፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታሉ። ባንክ ይሠራ የነበረ አንድ እስረኛ፣ ሻዩ ስኳር አለው ወይ ብሎ ጠየቀኝና ሌሎቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

አንድ ቀን ፍተሻ መጣ። ጠባቂዎቹ የማንንም ዕቃ ሳይነኩ በቀጥታ ወደ ጋሼ ፍራሽ ሄዱ፤ ከሥሩ ትንሿን ራዲዮ አወጡ። ጋሼን ይዘዋቸው ወጡ። የዚያን ቀን ምሳ ሲቀርብ ና ያለኝ ሰው የለም። የእኔ ሳህን ለብቻው ፍራሼ ላይ ተቀምጦ ነበር። ማንም አልሰደበኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ጋሼ ከቀናት በኋላ ሲመለሱ ግራ ጆሯቸው አይሰማም። ራዲዮውን ማን እንዳስገባው ግን አልተናገሩም።

ስዕል ልቀባ ቢሮው ስገባ ኃላፊው እኔንም ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። አውቅ ነበር።

"ብትናገርም ባትናገርም፣ እነሱ ዘንድ ተናግረሃል" አለኝ፣ ሳይቆጣ። "ከእኔ ሌላ ማን አለህ?"

የሳሙናው ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። የሚያሳጥበኝ ቀለሙ ጠፍቶ እስረኞቹ እንዳያምኑኝ ነበር። ለርዕስ መጻፊያ የተቀመጠውን ወፍራም፣ የማይለቅ አረንጓዴ ማርከር አነሳሁና ግራ መዳፌን መቀባት ጀመርኩ። አልተቻኮልኩም። ጣት በጣት፣ ጥፍሬ ሥር ሳይቀር ቀባሁ።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ሥራዬን እየሠራሁ ነው፣ ጌታዬ።"

በጥፊ መታኝ። በሳሙና፣ በዱቄት ሳሙና፣ በመጨረሻም በአሸዋ አሳጠቡኝ። ቆዳዬ ተላጠ እንጂ ቀለሙ አልለቀቀም።

ስመለስ ትሪው ቀርቦ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ መዳፌን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። አረንጓዴ እጁን አንስቶ የቆመ ሰው ያስቃል፤ የሳቀ ግን የለም። የባንክ ሠራተኛው፣ ይሄንንም እነሱ ቀብተውህ ይሆናል አለ። ጋሼ በደህናው ጆሯቸው ሰምተውታል። ፈቀቅ አሉና ከጎናቸው ያለውን ቦታ መታ መታ አደረጉ።

"እኔ ማስረጃ አልጠየቅሁህም፣ ልጄ" አሉኝ። "ቁጭ ብለህ ብላ።"

ተቀምጬ በላሁ። የባንክ ሠራተኛው ተነስቶ ሄደ። እስክንፈታ ድረስ እኔ ካለሁበት ትሪ አልበላም።

ባለፈው ክረምት ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አገኘሁት። ሸብቷል። ሰላም አልኩት። አየኝና ወራጅ አለ ብሎ፣ በዚያ ሁሉ ዝናብ፣ ቤት በሌለበት መንገድ ላይ ወረደ። በመስኮቱ እስኪጠፋ ድረስ አየሁት። አሳዘነኝ። ራዲዮውን በስንቅ ዕቃ ደብቆ ያስገባው እሱ ነበር፤ ሲያወጣው አይቼዋለሁ። ማየቴን ያውቅ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።