ለእናቴ ያስተረጎምኩላት ቀን

ከእናቴ ጋር ተራ የምንጠብቅበት ክሊኒክ ወለል ሲወለወል የሸተተኝ ዴቶል በሰው አገር ወዳደግኩበት ሰፈር፣ ወደ ካሳራኒ፣ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ። እናቴን ደረቷን ያፍናት ነበር፤ የአገሩን ቋንቋ ስለማትችል ግን ሕመሟን የተረዳላት ሐኪም አልነበረም። በመጨረሻ እኔን አስከትላ ሄደች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ዶክተሯ በስዋሂሊ።

«አባትሽ ከቀረ ወዲህ በያት» አለችኝ እናቴ።

አባቴ ለሥራ አዲስ አበባ የቀረ ይመስለኝ ስለነበር እንደዚያው ተረጎምኩት።

«መቼ ይመጣል?» አለች ዶክተሯ።

ጥያቄውን ስነግራት እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አባቴ መሞቱ የገባኝ ያኔ ነው። ዶክተሯ ማዳመጫዋን አስቀምጣ ሁለታችንንም አቀፈችን። ለቀጣዩ ቀጠሮ አማርኛ የምትችል ነርስ ፈልጋ አገኘችልን፤ እናቴም ቀስ በቀስ ተሻላት።

ዛሬ ተራ ደርሶን ልነሳ ስል እናቴ «አንቺ እዚሁ ቆዪ» ብላኝ ብቻዋን ገባች። ከሐኪሙ ጋር በስዋሂሊ ስትከራከር ይሰማኛል።