ለእንግዳው የታረደው ፍየል

ቆቦ በሚገኘው የእርዳታ መጋዘን ሥራ የጀመርኩት በጆንያ ተሸካሚነት ነው። በመጀመሪያው ቀን ጆንያዎቹን ከግድግዳው ጋር አጣብቄ እስከ ጣሪያ ደረደርኩና እስክመሰገን ጠበቅሁ። ኃላፊው አየና «አውርድ» አለኝ። እህል ከግድግዳ አንድ ክንድ ካልራቀ እርጥበት ይገባዋል። አመሻሽ ድረስ ብቻዬን አወረድኩ። ተቀየምኩት፤ ግን ልክ ነበር።

ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። እንግሊዝኛን የተማርኩት ከጆንያና ከዘይት ቆርቆሮ ጽሑፍ ነው። መጀመሪያ አንብቤ የተረዳሁት «የማይሸጥ» የሚለውን ነበር፤ ያነበብኩትም ጎብዬ ገበያ፣ ለሽያጭ በቀረበ ባዶ ጆንያ ላይ ነው። ቀሪውን ከመዝገበ ቃላት ለቀምኩ። ይህን ለልጆቼ ደጋግሜ ስለምነግራቸው ይሰለቹኛል። እንግሊዝኛ ግን ያውቃሉ።

ከተሸካሚነት ወደ መጋዘን ጠባቂነት፣ ከዚያም ወደ መስክ ሠራተኛነትና አስተርጓሚነት አደግሁ። የመስክ ሥራችን ግልጽ ነበር። የሕፃናትን ክንድ ቅጥነቱን በቀለም በሚያሳይ መለኪያ ጥብጣብ እንለካለን፤ አረንጓዴ ላይ ሳይደርስ ቀይ ወይም ቢጫ ላይ ላረፈ ከሲታ ልጅ አልሚ ምግብ እንሰጣለን፤ በየሳምንቱ ተመልሰን እንለካለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የለጋሹ አገር መንግሥት የውጭ እርዳታ በጀቱን ሊቆርጥ ነው ተባለ። ያኔ «አድቮኬሲ» የሚባል፣ እርዳታው እንዳይቆም ለጋሾችን የማግባባት አዲስ ሥራ መጣ። ስለ ረሃብ እንዴት እንደምንናገር ለመሠልጠን ወልድያ ሆቴል ገባን። ሦስት ቀን ሙሉ በላን። አሠልጣኙ «የምታመጡት ፎቶ የሚያሳዝን ይሁን፤ ግን ተስፋ ይስጥ። ልጁ ከስቶ ይታይ፤ ግን እየወፈረ» አለን።

እጄን አወጣሁ። «በአንድ ፎቶ?»

«አዎ፣ በአንድ ፎቶ።»

ጻፍኩት። እስካሁን አልገባኝም።

ከሥልጠናው በኋላ አለቃችን ሜሮን ጠራችኝ። «ጋሽ ሰይድ፣ ከለጋሹ አገር ምክር ቤት አንድ ሰው ይመጣል። የሚያየው አንድ ቀበሌ ብቻ ነው። ችግሩን ካየ ይከራከርልናል። ካላየ አልሚ ምግቡ ይቆማል» አለችኝ። የተመረጠው በዋጃ አቅጣጫ ያለ ቀበሌ ነበር። እዚያ ዘሀራ የምትባል እናት ነበረች። ልጇ ኑሩ በአልሚ ምግቡ ከቀይ ወደ ቢጫ ወጥቷል፤ አረንጓዴ ለመድረስ ጥቂት ሳምንታት ይቀሩት ነበር።

ለቀበሌው ሽማግሌ ለሼህ ይማም የነገርኳቸው እኔ ነኝ። «ነገ ከሩቅ አገር እንግዳ ይመጣል» አልኳቸው። «ችግራችሁን ሊያጣራ የሚመጣ ሰው አለ» ማለት ነበረብኝ። በራያ አንድ ሰው እንግዳ ከተባለ የቤት ጎደሎ አይነገረውም። ነውር ነው።

በማግስቱ ስንደርስ የሕፃናቱ ራስ በቅቤ ያበራል። ሴቶቹ ከጎረቤት የተዋሱትን ቀሚስ ለብሰዋል። ደጋሌት ከሚባለው የአገሩ ማሽላ የተጋገረ እንጀራ ተነጥፎ፣ የፍየል ሥጋ ቀርቧል።

ሜሮን ፊቷ ተለዋወጠ። «ጋሽ ሰይድ! ይሄ ምንድን ነው?»

«ምሳ ነው» አልኳት።

እንግዳው ዘንድሮ ምግብ አጥሯቸው እንደሆነ ጠየቀ። ሼህ ይማም እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «አልሐምዱሊላህ! ምን ጎድሎን! ይልቅ ይብላ በለው። ምነው እጁን ሰበሰበ? ሥጋው ጠነከረበት እንዴ? ይሄ ሰው አገሩ ምን ይበላል?»

ሜሮን እጅጌዬን ጎተተች። «ዝናቡ ቀርቶ ማሽላው መቃጠሉን ጨምርበት!»

«ያላሉትን አልጨምርም።»

ቃል በቃል ተረጎምኩ። እንግዳው «ምንም አልጎደለም» ብሎ ጻፈ። ያን ጊዜ በራሴ ኮርቼ ነበር። ዘሀራ ከሴቶቹ ኋላ ቆማለች። ኑሩን አዝላ፣ ቅጥነቱ እንዳይታይ በተዋሰችው ነጠላ ሸፍናዋለች። አየኋት። መተርጎሜን ቀጠልኩ።

በጀቱ ተቆረጠ። የተቆረጠው በእኛ ፍየል ምክንያት ነው አልልም፤ ፍየል ላላረዱትም ተቆርጦባቸዋል። የእኛ ቀበሌ ግን በእንግዳው ሪፖርት «ራሱን የቻለ» ተባለ። ዋናው መሥሪያ ቤታችንም ይህን የስኬት ታሪክ ብሎ ከሼህ ይማም ፎቶ ጋር በካላንደር አሳተመው።

በእደላው ቀን ዘሀራ መጋዘኑ በር ላይ መጣች።

«አያ ሰይድ፣ የኑሩስ?»

«ቆሟል።»

«ለምን?»

«ሼህ ምንም አልጎደለንም አሉ።»

«ታዲያ ለእንግዳ ምን ይበሉ? ፍየሏ እኮ የኔ ናት። ድርቁ ሌላ አላስተረፈም፤ ለእንግዳ ሲሉኝ ሰጠሁ። ወተቷን የሚጠጣው ኑሩ ነበር።» ትክ ብላ አየችኝ። «አንተ የዚህ አገር ልጅ አይደለህም? ለእንግዳ እንደዚህ እንደሚባል አታውቅም?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረው ቀረህ?»

ልጆቼ ሰበብ ሲደረድሩ «አጥፍቻለሁ በልና ቁጭ በል» የምል አባት ነኝ። «አጥፍቻለሁ» አልኳት።

መዝገበ ቃላቴን ይዤ ለእንግዳው ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ልማዱን፣ ድርቁን፣ የኑሩን ክንድ ሁሉንም አስረዳሁ። መልስ መጣ። ስለ መስተንግዶው አመስግኖ፣ ሥጋው ጣፋጭ እንደነበር ጽፏል።

የኑሩ ክንድ ወደ ቀይ ተመለሰ። ሆስፒታል ተኛ፤ አላህ ይመስገን፣ በሕይወት ወጣ። ከቤቴ የምትታለብ ፍየል ለዘሀራ ነዳሁላት። ገመዱን ተቀበለችኝ፤ አላመሰገነችኝም። ልክ ነበረች።

ይህን ለምታነቡ የመስክ ሠራተኞች የምለው አጭር ነው። ሰው የተናገረውን በትክክል መተርጎም የሥራው ግማሽ ነው። የምታውቁትን ልማድ ለማያውቀው ሰው መንገር ሌላው ግማሽ ነው። ስለ ረሃብ ስትጠይቁ ደግሞ እናቲቱን ጠይቁ፤ ብቻዋን፣ ምግብ ሳይቀርብ።