ሁለት አራተኛ ሥዕሎች

ጣልያን ከወጣ በኋላ ለማስተማር ከሸዋ መቐለ ስሄድ ሥዕል እሰበስባለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ያስጀመሩኝ አንድ መሪጌታ ናቸው። ድሮ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ይሥሉ ነበር፤ በጣልያን ጊዜ ማተሚያ ቤት ሲሠሩ ሥዕል በእንጨት ተቀርጾ እንዴት እንደሚታተም አዩና በራሳቸው እጅ ሞከሩት። የወይራ ሳንቃ ይቀርጻሉ፤ ጥላሸት በዘይት ለውሰው ይቀቡታል፤ ከዚያ ወረቀት አልብሰው በማንኪያ ጀርባ ያሹታል።

የመጀመሪያው ሥዕላቸው ጨው የጫኑ ግመሎችንና ከፊት የሚመራቸውን ሰው ያሳያል። ዐሥራ ሁለት ብቻ አተሙ፤ በየግርጌው ተራውን በግእዝ ቁጥር ጻፉበት። «ከዚህ ሌላ አይወጣም» ብለው ለወሰድነው ሁሉ ቃል ሰጡ። እኔ ዘጠነኛውን ወሰድኩ።

ከወሎ የመጣ ጨርቅ ነጋዴ ወዳጅ ነበረኝ፤ እሱም ሁለተኛውን ይዟል። በተገናኘን ቁጥር እንከራከር ነበር። እሱ «የፊተኛው ይበልጣል» ይላል፤ እኔ ደግሞ መጀመሪያ እንጨቱ ቀለሙን ስለሚጠጣ የኋለኞቹ ይጠራሉ እላለሁ።

አንድ ቀን በሱቁ ጠራኝና ዝናብ ያበላሸው፣ በግርጌው የአራት ቁጥር ያለበት ሥዕል አሳየኝ። አንድ ገበሬ ቆዳ ጠቅልሎበት ወደ ሱቁ ሲመጣ ነው ያገኘው። የመሪው ሰው ፊት ታጥቦ ጠፍቷል።

«መምህር፣ አራተኛው ባሏ የሞተባት ያቺ ሴት ቤት አይደለም እንዴ?» አለኝ።

ነው። ባለፈው ሳምንት ልጇ እኔ ጋ ስለሚማር ቤቷ ገብቼ በዐይኔ አይቼዋለሁ፤ ንጹሕ ነበር። ደሜ ፈላ። ሁለት አራተኛ ካለ ዐሥራ ሦስት፣ ሃያ የማይኖርበት ምን ምክንያት አለ? በእሑዱ፣ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ፣ መሪጌታን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አገኘኋቸውና ድምፄን ከፍ አድርጌ «ቃልዎ የት ገባ?» አልኳቸው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ከግቢው ወጡ።

በማግስቱ እኔንና ነጋዴውን አስጠርተው ወደ ሴትዮዋ ቤት ወሰዱን። ሳንቃውን በነጠላ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘዋል።

ሴትዮዋ እንዳየችን ገባትና ቀድማ ተናገረች። «እኔ ነኝ ያስቸገርኳቸው። ያ ግመል የሚመራው ባሌ ነው። ለጨው ቆላ ወርዶ በዚያው ቀረ። ክረምት ጣራው አፍስሶ ፊቱ ሲጠፋብኝ እንደገና የሞተ መሰለኝ። ገበሬው ወንድሜ የረጠበውን ለቆዳ መጠቅለያ ብሎ ወሰደው፤ እኔ ሄጄ አለቀስኩባቸው።»

«አተምኩላት» አሉ መሪጌታ። «ቁጥሩንም የተበላሸውን፣ ያንኑ አራት ሰጠሁት። ግን ለእናንተ ሳልነግር ነው፤ ያ ጥፋት የኔ ነው።» ከዚያ መጋዝ አወጡ። «አሁን ግን ይብቃ።»

«መሪጌታ!» ብላ ሳንቃውን በሁለት እጇ ያዘች። «ፊቱን ተዉልኝ።»

መሪጌታ መጋዙን ዝቅ አደረጉ። «እሺ ሓፍተይ፣ እሺ እኅቴ» አሉና የመሪውን ሰው ከወገቡ በላይ ለይተው ቆረጡላት፤ የቀረውን ግመሎቹ ያሉበትን ከሦስት ሰነጠቁት። መዳፍ የምታህለዋን እንጨት ተቀብላ ጥቁሩን ቀለም በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ነጋዴው ወዳጄ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ወራት ሙሉ ቁጥሩን ስመዝን፣ ሰውየው ማን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም ነበር።

ነጋዴው የተበላሸችውን ሥዕል አልጣላትም። «ወላሂ፣ ለማንም አልሸጣትም» አለኝ መንገድ ላይ።

በሚቀጥለው እሑድ እዚያው ግቢ፣ እዚያው ሰው ፊት፣ የመሪጌታን ጉልበት ስሜ ይቅርታ ጠየቅኩ። በትከሻዬ ይዘው አነሡኝ።

«ተነሥ ወደይ፣ ተነሥ ልጄ። አዲስ ነገር ጀምሬአለሁ፤ የአውድማ ሥዕል ነው። በሬዎቹ እግር ላይ ስደርስ ሳንቃው እየተንሸራተተ አስቸግሮኛል።»

አብሬያቸው ቤታቸው ሄድኩ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ እሳቸው ሲቀርጹ እኔ ሳንቃውን አጥብቄ ያዝኩላቸው።